መልክዐ ቃኘው፦ ለኮሪያ ዘማች አረጋውያን የቀረበ ውዳሴ

አባቶቻችን ሊያከብሩት የወደዱትን ሲያወድሱ በስሙ ዝክር ይጀምራሉ፤ ከዚያም ለዓይኑ፣ ለጆሮው፣ ለእጁ፣ ለጉልበቱ እያሉ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ሰላምታ ያቀርባሉ፤ በመጨረሻም ለመቃብሩ ሰግደው ያበቃሉ። መልክዕ የሚደረሰው ለቅዱሳን ነው፤ እኔም ሰውን ከቅዱሳን ጎን ላቆም አልደፍርም። ሆኖም ለማያውቁት ሕዝብ፣ በማያውቁት ተራራ ላይ፣ ደማቸውን ያፈሰሱ አባቶች ሲዘከሩ የዘወትር ንግግር ልብስ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ቆሜ ሥርዓቱን ብቻ በትሕትና እዋሳለሁ፤ በኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ አንድ አረጋዊ በአክብሮት እጠራለሁ። አንዱን ስጠራ ከ6,000 በላይ የሆኑትን ሁሉ ጠራሁ፤ የሞቱትንም፣ በዕድሜ ብዛት ጎብጠው በመካከላችን ያሉትንም።

ሰላም ለስምዎ!

ስምዎ ከፈረስ ስም የተወረሰ ነው። በዚህች አገር ደግሞ ጀግና በእናት አባቱ ከወጣለት ስም ይልቅ በፈረሱ ስም ሲጠራ ደረቱ ይነፋ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ነበሩ። አባ ቃኘው ከሐረርጌ ጦራቸው ጋር ዘምተው ዓድዋ ላይ የዋሉበትን ውሎ አገር ያውቀዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከክብር ዘበኛ የተመረጠውን ሻለቃ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲልኩ የአባታቸውን የፈረስ ስም አሸከሙት። እርስዎም ከዚያች ቀን ጀምሮ የእናትዎን ልጅነት ሳይክዱ የዓድዋም ልጅ ሆኑ። ዓድዋ ለራስ ነፃነት የተከፈለ ዋጋ ነበረ፤ ያንን ስም ለሌላ ሕዝብ ነፃነት ይዘው የተጓዙ የመጀመሪያዎቹ እርስዎ ነዎት።

ሰላም ለጆሮዎ!

የትውልድዎ ጆሮ ገና በለጋነቱ የሰማውን ማን ይሰማው ዘንድ ይመኛል? በ1928 ዓ.ም. ከሰማይ የሚወርደውን የመርዝ ጢስ ጩኸት፣ ከማይጨው የተመለሱ ቁስለኞችን ሲቃ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወደቁትን የንጹሐን ዋይታ የሰማ ጆሮ ነው። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ሕዝባቸው ተናገሩ። ማኅበሩ ሰማ፤ ሰምቶም ዝም አለ። በወራሪው ላይ የተጣለውም ማዕቀብ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተነሣ። አንድ አገር ለብቻው ሲቃጠል ጎረቤት መንግሥታት መስኮታቸውን ዘጉ።

ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ በእስያ ምሥራቃዊ ጫፍ ሌላ ጦርነት ፈነዳ። በመንግሥታት ማኅበር እግር የተተካው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን «ድረሱ» አለ። ይህ ጥሪ ኢትዮጵያ ራሷ ጠርታ መልስ ያጣችበት ጥሪ ነው። ከዚህ ቦታ ፈጥኜ ማለፍ አልችልም፤ የሕይወትዎ ዋና ምሥጢር እዚህ ያለ ይመስለኛልና። የተከዳ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ «እኔ ስጠራ ማን መጣልኝ?» ብሎ በሩን መዝጋት ነው፤ ለዚህም ሙሉ መብት ነበረን። ሁለተኛው የተነፈገውን ራሱ መስጠት ነው። አገርዎ ሁለተኛውን መረጠች፤ ምርጫዋንም በወረቀት ላይ በተጻፈ የአዘኔታ ቃል ሳይሆን በእርስዎ ሥጋና አጥንት ገለጠችው። ለኢትዮጵያ ያልተከፈላትን ዕዳ ለኮሪያ ከፋዩ እርስዎ ሆኑ። ብዙ የጦር ታሪክ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የሚልቅ የክብር ምክንያት ይዞ የዘመተ ጦር አላገኘሁም።

ሰላም ለራስ ጠጉርዎ!

ዛሬ እንደ ደጋ ውርጭ የነጣው ጠጉር ያን ጊዜ ጥቁር ነበር። የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ሻለቃውን ሲያደራጁ፣ የኮሪያ ምድር ተራራማ መሆኑን ዐውቀው ወታደሩን በዳገት ላይ አሠለጠኑ። የዘመቻው አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የአንደኛው ቃኘው ሻለቃ መሪ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ዕርገቱ ነበሩ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሰንደቅ ዓላማ ተቀበላችሁ፤ ከለገሃር ባቡር ተሳፍራችሁ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረዳችሁ። ከዚያም «ጄኔራል ማክሬ» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ተቀበለቻችሁ። ከመካከላችሁ ስንቱ ከወንዝና ከሐይቅ የሚበልጥ ውኃ ዓይቶ ያውቅ ነበር? ከጣና በላይ ውኃ ያለ የማይመስለው የደጋ ልጅ ቀንም ሌሊትም ዳርቻ የሌለውን ውቅያኖስ ተመለከተ። ማዕበሉ አንጀቱን ቢያገላብጠውም ልቡን አላገላበጠውም። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ቡሳን ወደብ ደረሳችሁ። ሁለተኛው ቃኘው፣ ሦስተኛው ቃኘው ተራ በተራ ተከተሉ፤ የኢትዮጵያ ነርሶችም መጡ፤ ለእነዚያ እኅቶችም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ስማቸው ከወንዶቹ ስም ያነሰ ተነሥቷል።

ሰላም ለዓይንዎ!

ቡሳን ላይ ዓይንዎ ያረፈው የስደተኛ ጎርፍ ላይ ነው፤ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሽማግሌ፣ ወላጆቹን ፍለጋ የሚያለቅስ ልጅ። ያን ማየት ለሌላው ጦር አዲስ ነገር ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን የልጅነትዎ ትዝታ በሌላ ሕዝብ ፊት ላይ ተሥሎ ነው የታየዎት። በኋላም ክረምቱ መጣ። በስሜን ተራሮች ብርድ ያደገ እንኳ የማያውቀው፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድ፣ የጠመንጃን ብረት በጣት ላይ የሚያጣብቅ ብርድ ነበር። ምሽጉን በረዶ ሞላው። እርስዎም በዚያ ነጭ ምድር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዓይንዎን ሳይከድኑ ቆሙ።

ሰላም ለልብዎ!

የቃኘው ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድበው ተዋጉ። የብረት ሦስት ማዕዘን በተባለው አካባቢ፣ በኋላም በፖርክ ቾፕ ኮረብታ ዙሪያ፣ ስማቸው በቁጥር ብቻ በሚታወቅ ብዙ ጉብታ ላይ ዋላችሁ፤ ይልቁንም አደራችሁ። የሌሊት ቅኝት ሥራችሁ ሆኖ ነበርና። በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ከምሽግ ወጥተው፣ የሽቦ አጥሩን አልፈው፣ ወደ ጠላት ወገን ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ድምፅ የለም፤ ትንፋሽ እንኳ ይቆጠባል። በእንዲህ ያለ ሌሊት በብዙ እጥፍ ከሚበልጥ ኃይል ጋር ተያይዛችሁ ቦታችሁን ሳትለቁ ያነጋችሁባቸው ጊዜያት አሉ። አሜሪካዊው የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ በጻፈው መጽሐፍ ለእናንተ ምዕራፍ ለይቶ ሰጥቷል፤ ባዕድ ጸሐፊ ያየውንና የሰማውን በአድናቆት መዝግቦ አስቀመጠ።

ከ120 በላይ ወንድሞችዎ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈርሞ ምርኮኞች ሲለዋወጡ፣ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሰዎች ለመቀበል ወጣ። ኢትዮጵያ የምትቀበለው ምርኮኛ አልነበራትም። በዚያ ሁሉ ሌሊት፣ በዚያ ሁሉ ሸለቆ፣ ከቃኘው ልጆች እጁን የሰጠ አንድ ስንኳ አልተገኘም! የቆሰለውን ጓድ ተሸክሞ፣ የሞተውንም ጎትቶ ወደ ምሽግ መመለስ ሕጋችሁ ነበርና። አባት ሆይ፣ ይህን ሲያወሩ ድምፅዎ የሚጠነክረው፣ የተጎነበሰው ወገብዎ የሚቀናው በከንቱ አይደለም። ስለራስዎ ሲጠየቁ በሁለት ቃል ያልፉታል፤ ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ ግን ቀኑ ይመሻል።

ሰላም ለእጆችዎ!

ለእጆችዎ የማቀርበው ሰላምታ ከሁሉ ይረዝማል፤ የሠሩት ሥራ ሁለት ነውና። ቀን ጠመንጃ የያዙ እጆች ከምሽግ በስተኋላ ሕፃን አነሡ። በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ የኮሪያ ልጆች በየካምፑ አጥር ሥር ተበትነው ነበር። የእናንተ ወታደሮች ከስንቃቸው ቆርሰው ሰጧቸው፤ ያም አልበቃ ብሏቸው በዶንግዱቾን ከተማ ቦህዋወን የተባለ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። ከደመወዛቸው እያዋጡ ልጆቹን አበሉ፤ አለበሱ።

እስኪ ልብ እንበል፤ ያ ደመወዝ የማን ደመወዝ ነበር? የሀብታም አገር ወታደር ትርፍ ገንዘብ አልነበረም። እናቱ በጎጃም ወይም በወለጋ፣ በሸዋ ወይም በሐረርጌ ጎጆ ውስጥ የምትጠብቀው፣ ሲመለስ በሬ ሊገዛላት፣ ጣራ ሊከድንላት የተመኘ የገበሬ ልጅ ገንዘብ ነበር። ያንን ከፍሎ የማያውቀውን ልጅ አሳደገ። በየአገሩ የጀግንነት መለኪያ ብዙ ነው፤ አንዱ በገደለው ይቈጠራል፣ አንዱ በማረከው። እኔ የእርስዎን ጀግንነት የምለካው በዚያ ማሳደጊያ በር በገባው ሕፃን ነው። ዛሬ ያ ሕፃን በሕይወት ካለ ሽማግሌ ነው፤ የልጅ ልጆች አሉት፤ ከእነዚያም መካከል በአጥንታቸው ውስጥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር እንጀራ ያለባቸው መሆኑን የሚያውቁ አሉ፤ የማያውቁም ይኖራሉ።

ጦርነቱ ካበቃም በኋላ የቃኘው ሰዎች ሰላም ለማስጠበቅ በዚያ ቆይተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ኮሪያን የለቀቁት በ1957 ዓ.ም. ነው። በሜክሲኮ ኦሎምፒክ የማራቶን ወርቅ ያመጣልን ማሞ ወልዴም ከክብር ዘበኛ ወጥቶ በኮሪያ ያገለገለ ወታደር እንደነበር ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ሰላም ለደረትዎ!

በዚህ ደረት ላይ የክብር ሜዳይ ተንጠልጥሏል፤ በዚህ ደረት ውስጥ ደግሞ ለረጅም ዘመን የታፈነ ነገር ተቀምጧል። ስትመለሱ አዲስ አበባ በእልልታ ተቀበለቻችሁ። ነገር ግን ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ በኮሪያ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የቆመው የክብር ዘበኛ ከጦር ሠራዊቱ ጋር በገዛ ከተማው ተታኮሰ። እናንተን ያደራጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም በዚያ ግርግር ከተገደሉት መካከል ነበሩ። የባዕድ ጥይት ያልሰበረውን ቤት የወንድም ጥይት ሰበረው። ከእናንተም ስንቱ ልብ ያለቀሰውን ዕንባ ዓይን ሳያሳይ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ከፊላችሁ በጠቅል ብርጌድ ሰማያዊውን የተባበሩት መንግሥታት ምልክት አንግባችሁ ወደ ኮንጎ ዘመታችሁ።

ከዚያ የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ። አዲሱ መንግሥት ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ በደቡብ ኮሪያ መዝመት ክብር መሆኑ ቀርቶ ጥርጣሬ ሆነ። ደረትዎ ላይ ያበራ የነበረው ሜዳይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ገባ፤ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወረደ። ልጆችዎ «አባዬ፣ የት ነበርክ ያን ጊዜ?» ብለው ሲጠይቁ ነገሩን ወደ ሌላ መለሱት። ሥራ ያጡ ነበሩ፤ ጡረታቸው ከኑሮ ጋር መሮጥ ያቃተው ነበሩ። በዚህ ቦታ ብዕሬ ይከብደኛል። ለጠላት ምሽግ ያልተንበረከከ ሰው የሠራውን በጎ ሥራ በገዛ አገሩ እንደ ወንጀል እንዲደብቅ መገደዱ በደል ነው፤ ያንን በደል በውዳሴ ቅባት ላለስልሰው አልፈልግም። እርስዎ ግን አገርዎን አልረገሙም። ያዘነ ልብዎን ይዘው ታቦት ተሳለሙ፣ መስጊድ ገቡ፣ ጎረቤት አስታረቁ፣ ዕድር አገለገሉ።

ሰላም ለጉልበቶችዎ!

የኮሪያን ዳገት የወጡ ጉልበቶች ዛሬ የደጃፍ ደረጃ ይከብዳቸዋል። ከዘመቻ መልስ መሬት ተሰጥቷቸው ዘማቾች የሰፈሩበት መንደር እስከ ዛሬ ኮሪያ ሰፈር ይባላል፤ ከዚያ ተነሥተው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ኮትዎን ለብሰው፣ ከሣጥን የወጣውን ሜዳይ በደረትዎ ደርድረው፣ አፍንጮ በር ወደሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሲመጡ ያየ ሰው ከመቀመጫው ሊነሣ ይገባዋል። በዚያ የወደቁት ስም ተጽፏል። እርስዎም በየዓመቱ በዚያ ፊት ይቆማሉ፤ የቆሙት ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል።

በባሕር ማዶም አልተረሱም። በኮሪያ፣ በቹንቾን ከተማ የቃኘው መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል፤ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። ከአጠገቡ፣ በሐይቁ ዳር፣ በስማችን የተሰየመ የቡና ቤት ተከፈተ፤ የቹንቾን ሰው በዚያ ቡና ሲጠጣ የእናንተን አገር ስም እየጠራ ነው። አዲስ አበባና ቹንቾን እኅትማማች ከተሞች ሆነዋል። የኮሪያ መሪዎች ወደ አገራችን ሲመጡ ከፊታችሁ ቆመው ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ ከልጅ ልጆቻችሁም በኮሪያ የትምህርት ዕድል አግኝተው የሄዱ አሉ። ያኔ ፍርስራሽ ሆና ያያችኋት አገር ዛሬ መርከብ ሠርታ ለዓለም ትሸጣለች። ይህን ሁሉ በዕድሜያችሁ ማየታችሁን ሳስብ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው፤ የኮሪያ ተማሪ ስለ ቃኘው የሚያውቀውን ያህል የእኛ ተማሪ አያውቅም የሚል ስጋት አለብኝ። መምህራን ሆይ፣ ጋዜጠኞች ሆይ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ያላችሁ ሁሉ፣ መቅረጫችሁን ይዛችሁ ዛሬ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ማን የት እንደወደቀ፣ ማን ማንን እንደተሸከመ፣ በዚያ ሌሊት ምን እንደተባባሉ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ሰላም ለመቃብርዎ!

በቡሳን የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መካነ መቃብር አለ። በሺህ የሚቆጠሩ የብሪታንያ፣ የቱርክ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የሌሎችም አገሮች ልጆች በሥርዓት ተደርድረው አርፈዋል። ኢትዮጵያዊ መቃብር ግን በዚያ የለም። የወደቁት ወንድሞችዎ ውቅያኖሱን መልሰው ተሻግረው በአገራቸው ዐፈር፣ በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፉ። ከምሽግ የጀመረው ሕጋችሁ እስከዚያ ድረስ ተፈጸመ፤ ማንም ወደ ኋላ አልቀረም።

እርስዎም ጊዜዎ ሲደርስ በሰፈርዎ ደብር ወይም በሰፈርዎ መካነ መቃብር፣ በሰንደቅ ዓላማው ተሸፍነው፣ የቀሩት ጓዶችዎ ምርኩዛቸውን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ሰላምታ እየሰጡዎት ያርፋሉ። ያን ዕለት ስምዎን የሚጠራ ድምፅ ከፍ ይበል፤ ማዕረግዎ ይነበብ፤ የሻለቃዎ ቁጥር ይነበብ፤ የዘመቱበት ዓመተ ምሕረት ይነበብ። ሰላም ለእርስዎ፣ የአባ ቃኘው ልጅ! ሰላም ለአንደኛው ቃኘው፣ ሰላም ለሁለተኛው፣ ሰላም ለሦስተኛው፣ ከእነርሱም በኋላ ሰላሙን ለጠበቁት ሁሉ!